ከዋሽንግተን እስከ ደሴ፦ ቲኬቱን ኮምቦልቻ ድረስ ቁረጡት

ወሎ ስንደርስ የሁሉም ጥያቄ "ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ?" ነው። ከዋሽንግተን ደለስ እስከ ቦሌ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በቀጥታ በረራ 13 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት ዊልቸር ቀድመን ጠይቀን ነበር፤ ስንወርድ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ምግቡ ደህና ነው። አስተናጋጆቹም ሳይሰለቹ ውኃ ያመላልሱላት ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው።

ጉዞውን የሚያከብደውም የሚያቀለውም ግን ከቦሌ በኋላ ያለው ነው። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። በመኪና ደሴ ለመግባት ግን 400 ኪሎ ሜትር አካባቢ አለ። ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ እያላችሁ ቀኑ ያልቃል። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ላደረ ሽማግሌ ይህን መጨመር ግፍ ነው። ባለፈው በመኪና ነበር የሄድነው። አከራዩ ጠዋት እመጣለሁ ብሎ እኩለ ቀን ላይ መጣ፤ ከሚሴ ሳንደርስ መሸብን። እናቴ በማግስቱ ከአልጋ አልተነሳችም።

ዘንድሮ ኮምቦልቻ ድረስ በአንድ ቲኬት ቆረጥን። ቦሌ ላይ ፓስፖርት አስመትታችሁ ወደ አገር ውስጥ ተርሚናል ትሻገራላችሁ። ሰልፉ ሊረዝም ስለሚችል በሁለቱ በረራዎች መካከል ሰፋ ያለ ጊዜ ተዉ። ከዚያ ባለ ፕሮፔለሯ አውሮፕላን ናት። ዝቅ ብላ ስለምትበር ገደሉም፣ የእርሻው ማሳም፣ የቆርቆሮው ጣሪያም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሻይ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ ትወርዳላችሁ።

ኮምቦልቻ ሞቅ ትላለች። ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ብትርቅም 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ጋቢውን ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት። ከኤርፖርቱ በር የያዝነው የታክሲ ሹፌር ዋጋውን ሳንጨቃጨቅ ነገረን። ሐረጎ ላይ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር እናቴ የፊቱን ወንበር ጨብጣ ያዘች። በመስታወቱ አያት። "እማማ አብሽሩ፣ ቀስ ብለን ነው የምንወጣው፤ ማን ያስቸኩለናል?" አላት። እውነትም ቀስ አለ። ከኋላ ጥሩንባ የሚነፋውን ሁሉ አሳለፈው። ደሴ ስንገባ ሻንጣውን እስከ ሳሎን ድረስ ተሸክሞ አስገባልን፤ ቡና ሳይጠጣ እንዳይሄድ አክስቴ አስቀመጠችው። ከጉዞው ሁሉ የበለጠውን ምስጋና የምሰጠው ለዚህ ሰው ነው።

መመለሻው ይረዝማል፤ ተዘጋጁ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ያለ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ሰውና ለአሜሪካ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፤ ደብሊን ወይም ሎሜ የሚያርፍበት ጊዜ ነበር። ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ከፊት ነው።

ከኮምቦልቻም በዋዜማው ውረዱ። በክረምት ደመናው ከወረደ በረራው ሊቀር ይችላል፤ የአሜሪካው አውሮፕላን ደግሞ ለእናንተ ብሎ አይቆምም። በመኪና የምትሄዱ ካላችሁ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት እዚያው ላሉ ዘመዶቻችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።