ኮሮላዬ ዘይት ትበላ ነበር፦ የቫልቭ ሲል ካስቀየርኩ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ጠዋት መኪናዬን ሳስነሳ ጎረቤታችን እማማ መስኮታቸውን ይዘጉ ነበር። አንድም ቀን ተናግረውኝ አያውቁም። ዝም ብለው ነው የሚዘጉት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናዋ በፈረንጆች 1998 የተሠራች ኮሮላ ናት። ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ነው፤ 1.6 ሊትር፣ ባለ 16 ቫልቭ። በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሊትር ዘይት ትበላ ነበር። የቆመችበት መሬት ደረቅ ነው፣ ራዲያተሩ ውስጥም ዘይት የለም። ስለዚህ እየተቃጠለ ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ወፍራም ዘይት፣ ሃያ ሃምሳውን፣ ሞላሁ። ጭስ ያጠፋል የሚባለውን ፈሳሽም ሁለት ጊዜ ጨመርኩ። ያጠፋው ገንዘቤን ነው።

ቀጥሎ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት፣ ተለካ፤ አራቱም ሲሊንደሮች ከ136 እስከ 140 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አሳዩ። የጋራዡ ልጅ ስልኩ ላይ የሞተሩን መጽሐፍ ከፍቶ አሳየኝ። ጤነኛ ሞተር 190 ገደማ ይላል፣ ዝቅተኛው 140 አካባቢ። «ፋሻ ጨርሷል፣ ሞተር ይወርዳል» አለኝ። ፋሻ የሚሉት በፒስተኑ ዙሪያ ያሉትን ቀለበቶች ነው። የዕቃውንና የእጁን ዋጋ ሲደምርልኝ መኪናዋን ልሽጣት አሰብኩ።

እንደ ዕድል አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ደረስኩ። ልጁ ያለኝን ነገርኳቸው፤ ቁጥሮቹ የተጻፉበትን ወረቀት አዩና ሳቁ። «ልጄ፣ ያ መጽሐፍ እኮ የተጻፈው ባሕር ዳር ላይ ነው» አሉኝ። የጣናዋን ማለታቸው አይደለም፤ እውነተኛውን ባሕር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ከመነሻው ስስ ስለሆነ ጨምቆም ያን ቁጥር አያመጣም። መጽሐፉ ላይ 190 የሚለው እዚህ ሲመጣ 145 ገደማ ይሆናል። የእኔ 138 ታዲያ የዕድሜዋን ያህል ነው እንጂ ሞት አይደለም። ይህንን ሳያውቁ ስንት ጤነኛ ሞተር አስፈትተው ይሆን?

በቃላቸው ብቻ አላበቁም። በየካንዴላው ቀዳዳ አንድ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደገና ለኩ። ፋሻ ያለቀ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ይዘጋና ቁጥሩ ይዘላል። የእኔ አራት አምስት ብቻ ጨመረ። ከዚያ ጠየቁኝ፦ «መቼ መቼ ነው የምታጨሰው?»

ይህን በደንብ አውቀዋለሁ። አድራ ስትነሳ። መብራት ላይ ረጅም ቆማ ነዳጅ ስረግጥ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁልቁለት። ከጣርማ በር ዋሻውን አልፌ ወደ ደብረ ሲና በሁለተኛ ማርሽ ስወርድ ምንም የለም። ታች ደርሼ ነዳጁን ስነካው ግን ከኋላዬ ያለው መኪና ይሰወራል። ዳገት ላይ ደግሞ ንጹሕ ናት።

«በቃ፣ ከላይ ነው የሚወርደው» አሉ። ነዳጅ ለቀን ቁልቁለት ስንወርድ ሞተሩ አየር አጥቶ በኃይል ይስባል። የቫልቩን ዘንግ አንገት የሚይዘው ትንሽ ጎማ፣ ሲል የሚባለው፣ በሙቀትና በዕድሜ ከደረቀ፣ ዘይት በዘንጉ ዙሪያ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ሌሊትም በቀስታ ይወርድና ጠዋት የእማማን መስኮት ያዘጋል። ፋሻ ቢሆን ኖሮ ዳገት ላይ ስትጫን ነበር የምታጨሰው።

ዕቃውን ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። 16 ናቸው፤ ስምንቱ ለማስገቢያ፣ ስምንቱ ለማስወጫ። ቀለማቸው ይለያያል፣ መቀላቀል የለባቸውም። ዋጋውን በብር አልጽፍም፤ እናንተ ጋ እስኪደርስ ይለወጣል። ብቻ ጥሩውን ዓይነት ገዝቼም ሦስት ወር ካቃጠልኩት ዘይት ረከሰኝ።

ሥራው ቀኑን ሙሉ ፈጀ። ቴስታታው፣ ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ አልወረደም። በካንዴላው ቀዳዳ የናይሎን ገመድ አስገቡ፣ ከዚያ ሞተሩን በእጅ አዙረው ፒስተኑ ገመዱን ወደ ላይ እንዲገፋ አደረጉ። ቫልቮቹ ተደግፈው ቀሩ፣ ወደ ታች የሚወድቅ የለም። ከቫልቮቹ ላይ የተነሡትን ዕቃዎች በእንቁላል ካርቶን ውስጥ በተራ ደረደሯቸው። ቦታቸው ከተለዋወጠ ሞተሩ ይንኳኳል። የዘይት መውረጃ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በጨርቅ ደፈኑ። ስፕሪንጉን የሚይዙት ቁልፎች ከምስር ብዙም አይበልጡም፤ አንዷ ከገባች ሞተሩን ማውረድ ነው። የወጡትን ጎማዎች በጣቴ ስጫናቸው እንደ ደረቀ ቆሎ ተሰበሩ። ካምሻፍቱ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ መነሣቱ ካልቀረ ብለን የታይሚንግ ቺንጋውንም አብረን ቀየርን።

ታዲያ ወዲያው አልዳነችም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብታጨስ አልገረመኝም፤ ማርሚታው ውስጥ የቀረ ዘይት እስኪቃጠል ነው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጠዋት ጠዋት ትንሽ ጭስ ቀረ። ካንዴላ ሲፈታ የሦስተኛው ሲሊንደር እርጥብ ነው። አንዱ ሲል ሲገባ ከንፈሩ በቫልቩ ጫፍ ተቀዶ ኖሯል። ሽማግሌው አላስተባበሉም፣ ገንዘብም አልጠየቁም፤ ግማሽ ቀን ጠፋብኝ። እንዲህ ዓይነት ነገር እንደሚያጋጥም አስቡና ሁለት ትርፍ ሲል ግዙ።

አሁን ዘጠኝ ወር ሆኖኛል። ወደ 11,000 ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ለጥ ያለ ቦታ ላይ ዘይቱን እለካለሁ። እስካሁን በየመሃሉ የጨመርኩት በድምሩ አንድ ሊትር ተኩል ነው። ድሮ ቢሆን አሥራ አንድ ነበር። ወደ ዜሮ አልወረደም። የሞተሩ ዕድሜ ከፋሻውም በኩል የተወሰነ ይወስዳል፣ የቫልቩ መሪም፣ ዘንጉ የሚንሸራተትበት ቱቦ፣ ትንሽ ተበልቷል። ሲል ብቻ ቀይረው «አንድ ጠብታ አትነካም» የሚሏችሁን አትመኑ። ሃያ ሃምሳውን ትቼ ወደ ቀጭኑ ዘይት ተመልሻለሁ፤ በብርድ ስትነሳ ቀለል ብላለች። ካንዴላዎቹ ደረቅና ቡናማ ናቸው።

ባለፈው ወር እንደገና በጣርማ በር ወረድኩ። ደብረ ሲና ስደርስ ነዳጁን ረገጥኩና በመስታወት አየሁ። ከኋላዬ የነበረው ሚኒባስ ሾፌሩ ሳይቀር ይታያል።

መኪናችሁ ዳገት ላይ የምታጨስ ከሆነ፣ ወይም የዘይት ክዳኑን ከፍታችሁ እንደ ማንቆርቆሪያ የምትተነፍስ ከሆነ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ አይደለም። የእናንተ ችግር ከታች ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ። የቫልቭ ክዳኑን ጓርኒሲዮን፣ ዘይት እንዳይወጣ ከክዳኑ ሥር የሚገባውን ጎማ፣ ርካሹን ገዝቼ ነበር፣ አሁን ጥግ ጥጉን ማላብ ጀምሯል። ሰሞኑን እቀይረዋለሁ። እማማ ግን መስኮታቸውን አሁንም ይዘጋሉ። ብጠይቃቸው «ብርዱን ነው፣ ልጄ» አሉኝ።