የእንፋሎት ተርባይን ሮተር፦ የተበየደ፣ አንድ ወጥ ወይስ ዲስክ የተጠመደበት?

«ተበይዶ በደቂቃ 3000 ጊዜ የሚዞር ብረት እንዴት ይታመናል?» ትልቅ የእንፋሎት ተርባይን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። አይፈረድበትም። ግን ስማቸው ተደጋግሞ ከሚነሳው አደጋዎች ሁለቱ የደረሱት ብየዳ ባልነካቸው ሮተሮች (የተርባይኑ የሚሽከረከሩ ክፍሎች) ላይ ነው።

በ1969 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሂንክሊ ፖይንት ኤ አንድ የሮተር ዲስክ ፈነዳ። ዲስኮቹ በሙቀት ሰፍተው ሻፍቱ (መሐል ያለው ዘንግ) ላይ የተጠመዱ ነበሩ። ስንጥቁ የተነሳው ዲስኩን ከሻፍቱ ጋር የሚይዘው ቁልፍ የሚባለው ብረት ከሚገባበት ቦይ ነው። እርጥበት እዚያ ይተኛል፤ ከውጥረቱ ጋር ተባብሮ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። በ1974 በአሜሪካ፣ ቴነሲ፣ በጋላቲን የኃይል ማመንጫ የፈነዳው ደግሞ አንድ ወጥ፣ ማለትም ከአንድ ትልቅ ብረት የተሠራ ሮተር ነበር። ችግሩ የጀመረው መሐሉ ላይ ከነበረው የማንጋኒዝ ሰልፋይድ ቆሻሻ ነው። ትልቅ ብረት ቀልጦ ሲረጋ ቆሻሻው ወደ መሐል ይሰበሰባላ!

የተበየደው ሮተር ይህን ጣጣ ያቀልላል። የስዊሱ ብራውን ቦቬሪ ከ1930 ገደማ ጀምሮ የሠራበት ዘዴ ነው። ትናንሽ ዲስኮች ለየብቻ ተቀጥቅጠው ጠርዛቸው ላይ ይበየዳሉ። እያንዳንዱ ትንሽ ስለሆነ በአልትራሳውንድ በደንብ ይታያል። ለትልቅ አንድ ወጥ ሮተር ግን ከ600 ቶን በላይ የሚመዝን ብረት ሊያስፈልግ ይችላል። እሱን የሚያወጡት እንደ ጃፓን ስቲል ወርክስ ያሉ ጥቂት ፋብሪካዎች ብቻ ናቸው፤ ወረፋ መጠበቅ ሊኖር ነው።

የብየዳው ዕዳ ሌላ ነው። የቀለጠው ብረት ሲቀዘቅዝ ሊኮማተር ይፈልጋል፤ ጎረቤቱ አይለቀውም። ስለዚህ ማንም ሳይነካው እንኳ ውስጡ ውጥረት ታፍኖ ይቀራል። ለዚህ ነው ሮተሩ ሙሉውን ምድጃ የሚገባው። እንደ ብረቱ ዓይነት 600 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ይቆይና ቀስ ብሎ ይበርዳል። ውጥረቱ በጣም ይቀንሳል፤ ዜሮ ግን አይሆንም። ሙቀቱ ካነሰ ከብየዳው ጎን ያለው ብረት እንደጠነከረ ይቀራል፤ በእርጥብ እንፋሎት ውስጥ ስንጥቅ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው። ከበዛ ደግሞ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል። የተረፈው ውጥረት ዙሪያውን እኩል ካልሆነና በሥራ ሙቀት ቀስ በቀስ ከለቀቀ፣ ሻፍቱ ይጎብጣል፣ ማሽኑም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሁለት ዓይነት ብረት ከተበየደ ይብሳል፤ ለአንዱ የሚስማማው ሙቀት ለሌላው ላይስማማ ይችላል።

ስለዚህ ሻጩን የሚያምር የብየዳ ፎቶ አትጠይቁት። የምድጃውን የሙቀት ቻርት፣ ብየዳውን አቋርጦ የተለካ ጥንካሬ፣ በሙከራ ብየዳ ላይ የተለካ ቀሪ ውጥረት ጠይቁት። የመጀመሪያው የአልትራሳውንድ ውጤትም እጃችሁ ይግባ፤ ከዓመታት በኋላ የምታወዳድሩት ከእሱ ጋር ነው።

እኔ ብሆን በእርጥብ እንፋሎት ለሚሠራ ትልቅ የዝቅተኛ ግፊት ሮተር የተበየደውን እመርጣለሁ፣ ቻርቱን ካየሁ። እንደ ወንጂ ላለ የስኳር ፋብሪካ ግን ተርባይኑ ትንሽ ነው፤ አንድ ወጡ ይበቃል፣ በብየዳ ራስ ማዞር አያስፈልግም። ዲስክ የተጠመደበት አሮጌ ሮተር በርካሽ ከቀረበላችሁ፣ የቁልፍ ቦዮቹ ሳይመረመሩ ቀብድ አትክፈሉ።