32 ኮር ከ32 ኮር ጋር፦ የኤኤምዲ ኢፒክ 9354ፒ እና የኢንቴል ዚዮን ጎልድ 6530 ግምገማ

አንድ መካከለኛ ተቋም፣ ሆስፒታልም ይሁን ዩኒቨርሲቲ ወይም የንግድ ድርጅት፣ አዲስ ሰርቨር ለመግዛት ሲነሣ ጎን ለጎን አስቀምጦ ሊያመዛዝናቸው የሚገቡ ሁለት ፕሮሰሰሮች አሉ። አንደኛው ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ይፋ ካደረገው አራተኛው የኢፒክ ትውልድ የሚመደበው 9354ፒ ሲሆን፣ ሌላው ኢንቴል በዲሴምበር 2023 ካወጣው አምስተኛው የዚዮን ትውልድ የሚመደበው ጎልድ 6530 ነው። ሁለቱም 32 ኮር (ስሌቱን የሚሠራ ክፍል) እና 64 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚሠራ የሥራ መስመር) አላቸው፤ ሁለቱም ዲዲአር5 ሜሞሪና ዲስክና ካርድ የሚያገናኘውን አምስተኛውን ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ይጠቀማሉ፤ የኃይል መጠናቸውም 280 እና 270 ዋት በመሆኑ ልዩነቱ ያን ያህል የሚያነጋግር አይደለም። ገበያ ላይ ሲውሉ በአምራቾቹ የተተመነላቸው ዋጋ ለኢፒኩ 2,730፣ ለዚዮኑ 2,128 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ዝርዝር መግለጫቸው ላይ ላዩን ሲታይ ይህን ያህል ስለሚመሳሰል፣ ረከስ ያለውን መርጦ ማለፍ ቀላል ነው። በእኔ ግምገማ ግን በአንድ ፕሮሰሰር ብቻ ለሚሠራ ሰርቨር የ602 ዶላሩ ጭማሪ ሊከፈል የሚገባው ነው። ዚዮኑን ያለ ማመንታት የምመርጥባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ፤ በቦታቸው አነሣቸዋለሁ።

በቅድሚያ ባለ 32 ኮሮቹን ለምን እንደመረጥሁ ማስረዳት ይገባኛል። ከእነዚህ ሁለት ትውልዶች ስማቸው ገንኖ የሚነሣው ከኤኤምዲ ባለ 96 ኮሩ ኢፒክ 9654፣ ከኢንቴል ደግሞ ባለ 64 ኮሩ ዚዮን ፕላቲነም 8592 ፕላስ ናቸው። ይሁን እንጂ ተቋማት የሚጭኑት ሶፍትዌር በአብዛኛው የሚሸጠው በኮር ቁጥር ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር 2022 ዳታሴንተር ለ16 ኮር የተተመነው በ6,155 ዶላር ስለነበር ለ32 ኮር ላይሰንሱ ብቻ 12,310 ዶላር ይደርሳል፤ ይህም ከየትኛውም ፕሮሰሰር ዋጋ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። አንዱን ሰርቨር በሶፍትዌር ብዙ ኮምፒውተሮች (ቨርቹዋል ማሽኖች) አድርጎ የሚከፋፍለው ቪኤምዌርም በብሮድኮም ኩባንያ ከተጠቃለለ ወዲህ በኮር የሚታሰብ የደንበኝነት ክፍያ ይጠይቃል። ስለዚህ ገዢው ሊመዝነው የሚገባው፣ ላይሰንስ የተከፈለበት እያንዳንዱ ኮር የሚሠራለትን የሥራ መጠን ነው።

በዚህ ሚዛን ስናያቸው የሰዓት ፍጥነታቸው የመጀመሪያው ልዩነት ነው። የኢፒኩ መነሻ ፍጥነት 3.25 ጊጋኸርዝ፣ ከፍተኛው 3.8 ጊጋኸርዝ ሲሆን፣ ዚዮኑ ከ2.1 ተነሥቶ እስከ 4.0 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ጥቂት ኮሮች ብቻ ሲሠሩ ዚዮኑ በትንሹ ሊቀድም ይችላል። ሁሉም ኮሮች በተጠመዱ ጊዜ ግን፣ ሁለቱም እንደ ሙቀታቸውና እንደ ኃይላቸው ከመነሻው በላይ ሊሄዱ ቢችሉም፣ አምራቹ ቃል የሚገባው መነሻውን ፍጥነት ብቻ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ለማይፋታ የዳታቤዝ ሰርቨር በ3.25 እና በ2.1 መካከል ያለው ርቀት ትልቅ ነው።

ከዚህም በላይ የሚለያዩት በሜሞሪ ነው። አንድ የዲዲአር5-4800 ቻናል፣ ማለትም ራሙን ከፕሮሰሰሩ የሚያገናኝ መስመር፣ በሴኮንድ 38.4 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ኢፒኩ 12 ቻናል ስላለው ጠቅላላው 460.8 ጊጋባይት ይሆናል፤ ባለ 8 ቻናሉ ዚዮን በ307.2 ጊጋባይት ይወሰናል። ለ32 ኮር ሲካፈል ለእያንዳንዱ ኮር በኢፒኩ 14.4፣ በዚዮኑ 9.6 ጊጋባይት ይደርሰዋል። ሰነድ ለሚያስቀምጥ ወይም የተጠቃሚዎችን መግቢያ ለሚቆጣጠር ሰርቨር ይህ ልዩነት ትርጉም የለውም፤ ብዙውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ሥራ በመጠበቅ ነው። የወሩን ሒሳብ በአንድ ጊዜ ለሚያጠናቅር ዳታቤዝ፣ ለፈሳሽ ፍሰትና ለአየር ጠባይ ስሌት፣ እንዲሁም በደርዘን የሚቆጠሩ ቨርቹዋል ማሽኖች ለሚጋሩት ሰርቨር ግን ኮሮቹ ዳታ እስኪመጣላቸው ሥራ ፈትተው መቆማቸውና አለመቆማቸው የሚወሰነው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ የግዥ ኮሚቴዎችን አጥብቄ የማሳስበው ጉዳይ አለ። ሻጩ የሚያመጣው ፕሮፎርማ «256 ጊጋባይት ራም» ብሎ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ መፈረም አይገባም። ይህ መጠን በአራት ባለ 64 ጊጋባይት ራም ሊሞላ ይችላል፤ በኢፒኩ ላይ እንዲህ ከተደረገ ከ12ቱ ቻናሎች አራቱ ብቻ ይሠሩና የማስተላለፍ አቅሙ ወደ 153.6 ጊጋባይት ይወርዳል፤ ስምንት ባለ 32 ጊጋባይት ራም ከተሰካለት ዚዮን ግማሽ ማለት ነው። ተጨማሪ የተከፈለበት ጥቅም በሙሉ በአንድ መስመር ጽሑፍ ጉድለት ይጠፋል። ችግሩን የሚያባብሰው ደግሞ 256 ለ12 እኩል አለመካፈሉ ነው፤ ከቀድሞው ጨረታ የተገለበጠ የፍላጎት መግለጫ ለኢፒክ ፈጽሞ አይስማማም። ትክክለኛው አጻጻፍ «12 ባለ 16» በድምሩ 192፣ ወይም «12 ባለ 32» በድምሩ 384 ጊጋባይት፣ ስሕተት የሚያርም (ኢሲሲ) የሰርቨር ራም (አርዲአይኤምኤም) የሚል ነው። የአራቱ ተጨማሪ ራሞች ወጪ በኢፒኩ ሒሳብ ላይ መደመር እንዳለበትም መታወቅ አለበት፤ ፕሮሰሰሮቹን ብቻ ማወዳደር ፍትሐዊ አይሆንም።

የካሽ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ጊዜያዊ ሜሞሪ) ጉዳይ በወረቀት ላይ ከሚታየው የተወሳሰበ ነው። ኢፒኩ 256 ሜጋባይት ሦስተኛ ደረጃ ካሽ አለው ሲባል ከዚዮኑ 160 ሜጋባይት በእጅጉ የሚበልጥ ይመስላል። ሊኑክስ በተጫነበት ሰርቨር ላይ ኤልኤስሲፒዩ የሚባለውን ትእዛዝ ብንሰጥ ግን ለኢፒኩ «256 ሜጋባይት፣ በስምንት ቦታ»፣ ለዚዮኑ በተለመደው አሠራሩ «160 ሜጋባይት፣ በአንድ ቦታ» የሚል መልስ እናገኛለን። የኢፒኩ ኮሮች የተቀመጡት በስምንት ትንንሽ ቺፖች ላይ ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ አራት ኮር ይሠራል፤ እነዚህ አራት ኮሮች የራሳቸው 32 ሜጋባይት ጓዳ አላቸው፣ ወደ ጎረቤት ጓዳ ግን በቀጥታ አይገቡም። እያንዳንዱ ኮር ሁለት ትሬድ ስላለው፣ ስምንት ቨርቹዋል ሲፒዩ ያለው ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ቺፕ ውስጥ ተጠቃሎ ሊሠራና 32 ሜጋባይቱን ለብቻው ሊጠቀም ይችላል፤ ይህ ለብዙ ተቋማት የተለመደ መጠን በመሆኑ ኢፒኩን በጣም ይስማማዋል። አንድ ትልቅ ዳታቤዝ ሁሉንም ኮሮች ይዞ የጋራ ዳታ የሚነካካ ከሆነ ግን በቺፖቹ መካከል የሚደረገው ምልልስ ጊዜ ይወስዳል፤ የዚዮኑ አንድ ወጥ ካሽ እዚህ ላይ ይረዳዋል። ከኢንቴል ያለፈው ትውልድ ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ባለ 32 ኮሩ ጎልድ 6430 የነበረው 60 ሜጋባይት ብቻ ነበር፣ 6530 ግን በዚያው በ2,128 ዶላር 160 ሜጋባይት ይዞ መጥቷል። ኢንቴል ለዚህ ሊመሰገን ይገባል።

የዲስክና የኔትወርክ ካርድ ማገናኛ መስመሮችን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ኢፒኩ 128፣ ዚዮኑ 80 የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር አላቸው። አንድ ኤንቪኤምኢ የሚባል ፈጣን ዲስክ አራት መስመር ስለሚወስድ፣ 24 ዲስክ በኢፒኩ ላይ 96 መስመር ይዞ ለኔትወርክ ካርዶች 32 ይተርፋል። በዚዮኑ ላይ 20 ዲስክ ሁሉንም ይጨርሳል። ለዲስክ መስመር ሲባል ብቻ ሁለተኛ ዚዮን ከተጨመረ፣ በኮር የሚታሰበው ላይሰንስም አብሮ እጥፍ ይሆናል። በአንጻሩ በኢፒኩ ስም መጨረሻ ላይ ያለችው «ፒ» ፕሮሰሰሩ በነጠላ ሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ) ብቻ እንደሚሠራ ታመለክታለች፤ ወደፊት ሁለተኛ ለመጨመር የሚያስብ ገዢ 3,420 ዶላር የተተመነውን ያለ «ፒ» 9354 መያዝ ይኖርበታል።

ዚዮኑን የምመርጥበት የመጀመሪያው ሁኔታ ተቋሙ ቀድሞውኑ በኢንቴል ሰርቨሮች ላይ የተገነባ የቨርቹዋል ማሽን ክላስተር (ተባብረው የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ) ሲኖረው ነው። ቨርቹዋል ማሽንን ሳያጠፉ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ማዛወር የሚቻለው በአንድ አምራች ፕሮሰሰሮች መካከል ነው፤ ከኢንቴል ወደ ኤኤምዲ ለማሻገር ማሽኑን ማጥፋት ግድ ይላል። ሦስት የኢንቴል ሰርቨር ላለው ሆስፒታል አራተኛው ኢፒክ ቢሆን፣ ኢፒኩን ለጥገና ማቆም ባስፈለገ ቁጥር በእሱ ላይ ያለው አገልግሎት ይቋረጣል ማለት ነው። እንዲህ ላለ ተቋም ስለ ሜሞሪ ቻናል ያልሁት ሁሉ ሁለተኛ ደረጃ ይይዛል።

ሁለተኛው ሁኔታ የኤአይ ሞዴሎችን ያለ ግራፊክስ ካርድ ማሠራት ሲፈለግ ነው። ዚዮኑ ኤኤምኤክስ የሚባል የማትሪክስ ማስሊያ በእያንዳንዱ ኮር ውስጥ አለው፤ ኢፒኩ ኤቪኤክስ-512 የተባሉትን ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ የሚያሰሉ ትእዛዞች ቢደግፍም በ256 ቢት ክፍሎች ሁለት ጊዜ እያመላለሰ ስለሚፈጽማቸው በዚህ ዓይነቱ ስሌት ወደ ኋላ ይቀራል። ምስል ለመለየት፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ ለመቀየርና ሰነዶችን ለመመደብ የኤኤምኤክስ ጥቅም ግልጽ ነው። የቋንቋ ሞዴል ሲሆን ግን ሥራው ሁለት ጠባይ አለው፤ የቀረበለትን ረጅም ጽሑፍ አንብቦ ሲያሰላ ኤኤምኤክስ ያፋጥነዋል፣ መልሱን ቃል በቃል ሲያወጣ ግን ፍጥነቱን የሚወስነው የሜሞሪ ማስተላለፍ አቅም ስለሆነ ባለ 12 ቻናሉ ኢፒክ ይሻላል።

ለአዲስ አበባና ለሌሎች ደጋ ከተሞች ገዢዎች ደግሞ በማስታወቂያ የማይነገር አንድ ነገር አለ። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው መመሪያ፣ ኤ2 በተባለው ምድብ ያሉ ሰርቨሮች እስከ 35 ዲግሪ በሚደርስ የክፍል ሙቀት ሊሠሩ ይችላሉ፤ ከባሕር ጠለል በላይ 900 ሜትር ካለፈ በኋላ ግን በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል። ስስ አየር የሚያነሣው ሙቀት አነስተኛ ነውና። በአዲስ አበባ ከፍታ ይህ ወሰን ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል። ውጭ ያለው አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ገዢውን ሊያዘናጋው አይገባም፤ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል፣ መብራት ጠፍቶ ኤርኮንዲሽነሩ ቆሞ ሰርቨሩ ግን በዩፒኤስ ሲቀጥል 30 ዲግሪ ሩቅ አይደለም። ሁለቱም ፕሮሰሰሮች 270 ዋትና ከዚያ በላይ ሙቀት የሚያመነጩ ስለሆኑ ዩፒኤሱ ሲመጠን የማቀዝቀዣው ጉዳይ አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

ለወርክስቴሽን ሁለቱንም አልመክርም። ሞዴል እያገላበጠ የሚሥል አርክቴክት የሚፈልገው የአንድ ኮር ፍጥነት ነው፤ በ3.8 ወይም በ4.0 ጊጋኸርዝ የተወሰነ የሰርቨር ፕሮሰሰር ከተራ ዴስክቶፕ በታች ሆኖ ያዘገየዋል። የሰርቨር ማዘርቦርድ ለመነሣት ደቂቃዎች ይወስዳል፣ የድምፅ መሰኪያ ብዙ ጊዜ የለውም፣ የዩኤስቢ መሰኪያውም ጥቂት ነው፣ የራክ ሰርቨር ማራገቢያ ጩኸት ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው አይቻልም። ለዚህ ሥራ ኤኤምዲ ባለ 32 ኮሩን ትሬድሪፐር ፕሮ 7975ደብሊውኤክስ አዘጋጅቷል፤ ከ4.0 እስከ 5.3 ጊጋኸርዝ ይሄዳል፣ 3,899 ዶላር ተተምኗል። ከኢንቴል ወገን እስከ 4.8 ጊጋኸርዝ የሚደርሰው ባለ 36 ኮሩ ዚዮን ደብሊው9-3475ኤክስ አለ። ሁለቱም ስምንት የሜሞሪ ቻናል አላቸው፣ ኢሲሲም ይደግፋሉ። ቪዲዮ ለሚያቀናብርና ሦስት አቅጣጫ ምስል ለሚሠራ ባለሙያ ትሬድሪፐሩን አስቀድማለሁ።

ለረጅም ጊዜ አገልግሎት የሚገዛ ሰው ስለ ሶኬቱም መጠየቅ አለበት። የዚዮኑ ሶኬት ኤልጂኤ 4677 ከአምስተኛው ትውልድ በኋላ ቀጣይ የለውም፤ ዚዮን 6 ወደ ሌላ ሶኬት ተዛውሯል። የኢፒኩ ኤስፒ5 ግን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 የወጣውን 9005 ትውልድ በባዮስ (የማዘርቦርዱ መነሻ ሶፍትዌር) ማሻሻያ ይቀበላል። ይህ ለሁሉም ማዘርቦርድ አይሠራም፤ አዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች እስከ 500 ዋት ስለሚደርሱ የቦርዱ የኃይል ወሰንና የሰርቨሩ አምራች ድጋፍ ይወስኑታል። ሻጩ የትኞቹን የ9005 ሞዴሎች እንደሚቀበል ከውሉ ጋር በጽሑፍ እንዲያያይዝ መጠየቅ የገዢው መብት ነው።