ከፊት ጥርሳም፣ ከኋላ መካከለኛ፦ የክሮስ ሞተሬ ጎማዎች ከዘጠኝ ወር በኋላ

ግንቦት ላይ የሞተሬን ሁለቱንም ጎማ ቀየርኩ። አሁን የካቲት ነው። በነዚህ ዘጠኝ ወራት 9,400 ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ። ሲገዙት ሁሉም ጎማ ጥሩ ነው። ጠባዩ የሚወጣው ጥርሱ መበላት ሲጀምር ነው። እስካሁን ሳልጽፍ የቆየሁትም ለዚያ ነው።

ሞተሬ ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 ናት፤ እኛ ጋ ክሮስ የምንላት ዓይነት። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ቤቴ ጎንደር ማራኪ ነው፤ ሥራዬ ግን ደንቢያ ነው። በሳምንት አራት ቀን በአዘዞ አልፌ ወደ ቆላ ድባና ጯሂት አካባቢ እወርዳለሁ። ከኋላዬ የክትባት አይስ ቦክስ ይታሰራል፤ ጀርባዬ ላይ የመድኃኒት ቦርሳ አለ። መንገዴ ከግማሽ በላይ አስፋልት ነው። ከዚያ ፒስታ ይመጣል። የመጨረሻዋ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ደግሞ በእርሻ መሃል የምታልፍ የከብት መንገድ ናት። የታመመችው ላም ሁልጊዜ ያለችው እዚያ ነው።

ያቺን የመጨረሻ መንገድ ሳልናገር ስለ ጎማ ማውራት አይሆንልኝም። የደንቢያ መሬት ዋልካ ነው። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጥና እንደ ሊጥ ይሆናል። ጎማ ላይ ይለጠፋል፣ ገለባ ይይዛል፣ ገለባው ደግሞ ሌላ ጭቃ ይስባል። ሃምሳ ሜትር ሳትሄድ ጎማህ የጭቃ ድቡልቡል ሆኖ ታገኘዋለህ።

ካቻምና ነሐሴ ላይ በዚያ መንገድ ወደቅኩ። የዚያን ጊዜው የፊት ጎማ ጥርሱ ደቃቅ፣ ወደ አስፋልት የሚያደላ ነበር። ብዙም አልፈጠንኩም። መሪውን ትንሽ ወደ ግራ አዞርኩ፤ ጎማው ግን ቀጥ ብሎ ሄደ። ከዚያ ጎኔ ላይ ነኝ። የአይስ ቦክሱ ክዳን ተከፍቶ የአባሰንጋ ክትባት ብልቃጦች ጭቃው ላይ ተበተኑ። እየለቀምኩ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። የኋላ ጎማ ሲንሸራተት ሞተሩ ይወዛወዛል፣ ነዳጅ ትቀንሳለህ፣ እግርህን ትተክላለህ፣ ብዙ ጊዜ ትተርፋለህ። የፊት ጎማ ሲከዳህ ግን ለማሰብ እንኳ ጊዜ የለህም። ጎማ የመረጥኩት ይህን ይዤ ነው።

ወደ ምርጫው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ በገንዘቤ ነው የተማርኩት። ከዚህ በፊት የኋላ ጎማ ገዝቼ ነበር። የሚያብረቀርቅ፣ ጥርሱ ያልተነካ፣ ላስቲኩ እንኳ ያልወለቀ። በአራተኛው ወር ጎኑ ላይ ደቃቅ ስንጥቅ ጀመረ፤ በስድስተኛው ወር ከጥርሱ ሥር ይሰነጠቅ ገባ። ያኔ ነው ጎኑን በስልክ መብራት ያየሁት። በጎማ ጎን ላይ «ዲ ኦ ቲ» (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለት ነው። የኔው 0815 ይል ነበር። በ2015 ስምንተኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ጎማ ለዓመታት መጋዘን ተቀምጦ ነው እኔ ጋ የደረሰው። ጎማ ቆሞም ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል። አሁን ዋጋ ከመጠየቄ በፊት አራቱን አሃዞች አያለሁ። ሻጩ ቅር ቢለውም አያለሁ።

የጎማውን ስም አልጽፍም። ጎንደር ውስጥ ዛሬ በሱቅ ያየኸው ምርት በሚቀጥለው ወር አይገኝም፤ ስም ብነግራችሁ ፍለጋ ብቻ ነው የሚተርፋችሁ። የሚጠቅማችሁ ልኩና የጥርሱ አቀማመጥ ነው።

ልኩ እንዲህ ነው። የኔ ሞተር ከፊት 80/90-21፣ ከኋላ 110/80-18 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው ቁመቱ ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደሆነ፣ የመጨረሻው የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ለአፈር የሚሠሩ ብዙ ጎማዎች ግን በድሮው የኢንች አጻጻፍ ነው የሚመጡት። ከፊት 2.75-21፣ ከኋላ 4.10-18 ለኔ ቸርኬ የሚቀርቡት ናቸው፤ እነሱን ወሰድኩ። «4.60 አድርግበት፣ ግርማ ሞገስ ይኖራታል» ያለኝ ሰው ነበር። እምቢ አልኩ። ጎማው በሰፋ ቁጥር በጎማውና በሰንሰለቱ መካከል ጭቃ የሚያልፍበት ክፍተት ይጠባል። ለዋልካ ደግሞ ክፍተት ነፍስ ነው።

21 ኢንች ጎማ ጎንደር ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም፤ አብዛኛው ሞተር በ17 እና በ18 የሚሄድ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ መርካቶ ሄዶ የጎማውን ጎን ፎቶ እያነሳ በቴሌግራም ላከልኝ። አሃዞቹን አየሁ፣ ልኩን አየሁ፣ ፍጥነቱንና ጭነቱን የሚያሳየውን ጽሑፍም አየሁ። 58P ካለ 236 ኪሎ ይሸከማል፣ በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይችላል ማለት ነው። ለኔ ሞተር ከበቂ በላይ ነው። በአውቶቡስ ተጭነው መጡ። ሁለቱም ትልልቅ ጥርስ ያላቸው፣ በጥርሶቹ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያለባቸው ነበሩ።

ያስገጠምኩት አዘዞ፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ጎሚስታ ዘንድ ነው። እኔም እጄን ማስገባት ፈለግኩ፤ ጫካ ላይ ብቻዬን ስሆን ማን ይሠራልኛል? የመጨረሻዋን ጠርዝ በብረት ስታገል አዩኝና እጄን ያዙኝ።

«ተው ዶክተር፣ በጉልበት የገባ ጎማ ካላማዳሪያውን ነክሶ ነው የሚገባው።»

«ታዲያ እንዴት ላድርገው ጋሼ?»

ጉልበታቸውን ተክለው ማዶ ያለውን ጠርዝ ወደ ቸርኬው መሃል ጉድጓድ ገፉት። ወዲህ ያለው ወዲያው ላላ። በሳሙና ውሃ አራሱት፤ ብረቱን አንድ ጊዜ ብቻ ብድግ ሲያደርጉት ገባ። ካላማዳሪያውን ደግሞ ቅርጽ እስኪይዝ ትንሽ ነፍተውት ነበር፤ ባዶ ከሆነ ይታጠፍና በብረቱ ይያዛል። ከዚያ ጎማው ጎን ላይ ዙሪያውን የምትሄደውን ቀጭን መስመር አሳዩኝ። መስመሯ ከቸርኬው ጠርዝ በሁሉም በኩል እኩል ካልራቀች ጎማው አልተቀመጠም። ያቺ ግማሽ ሰዓት ከጎማዎቹ ዋጋ በላይ ጠቅማኛለች።

አሁን ወደ አነዳዱ። የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር በእርጋታ ነዳሁ፤ አዲስ ጎማ ላዩ እስኪፋቅ ያንሸራትታል። አስፋልት ላይ ድምፅ አለው። ከ60 በላይ ስትነዳ ከሥርህ ንብ ያለ ይመስላል፤ መሪው ላይም ንዝረት ይሰማል። ነዳጅም ትንሽ ጨመረ። በፊት በአንድ ሊትር 36 ኪሎ ሜትር አካባቢ እሄድ ነበር፤ ወደ 33 ወረደ።

ሐምሌ መጣ፣ ዋልካውም መጣ። እውነቱን ልናገር፣ ዝናቡ አሁን አቁሞ ከሆነ የትኛውም ጎማ ዋልካን አያሸንፍም። የኔም ሞላ፣ የኔም ቆመ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ሁለት ሦስት ሰዓት ፀሐይ ካየ በኋላ፣ ላዩ መጠጥ ማለት ሲጀምር፣ የድሮው ጎማ ያኔም አይሄድም ነበር። ይኼኛው በሁለተኛ ማርሽ ትንሽ ነዳጅ ስትሰጠው ጭቃውን ከጥርሶቹ መካከል እየወረወረ ይሄዳል። መሪው ያዘዝከውን ይሰማል። በክረምቱ ሁለት ጊዜ ሞተሯን አስተኝቻለሁ፤ ሁለቱም ቆሜ ልዞር ስል ነው። የፊቱ ጎማ እየሄድኩ አልከዳኝም። አንድም ጊዜ።

አየሩንም እቀንስ ነበር። አስፋልት ላይ ከፊት 22፣ ከኋላ 28 ፒኤስአይ ነው የምነዳው። ጭቃ ልገባ ስል 18 እና 20 አደርገዋለሁ። ከዚያ በታች አልወርድም። አየሩ ካነሰ ድንጋይ ሲመታው ካላማዳሪያው ከቸርኬው ጋር ተጣብቆ ሁለት ቦታ ይበሳል፤ ጎማውም ቸርኬው ላይ ይዞርና የመንፊያውን አንገት ይቆርጠዋል። ደግሞ አስፋልት ስትደርሱ ንፉት። ሳይነፉ እስከ ጎንደር መምጣት ጎማውን ያቃጥለዋል።

ትልቁ ድክመቱ ከተማ ውስጥ ነው። ዝናብ የነካው ኮብልስቶን ላይ ጥርሳም ጎማ ደስ አይልም። መሬቱን የሚነካው የጥርሶቹ አናት ብቻ ነው፤ ድንጋዩ ደግሞ ተረግጦ ተረግጦ ለስልሷል። ከፒያሳ ወደ ታች ስወርድ የፊት ፍሬን በሁለት ጣት ብቻ፣ ቀስ እያልኩ ነው። ሥራው ከተማ ውስጥ ብቻ ለሆነ ሰው ይህን ጎማ በፍጹም አልመክርም። መካከለኛ ጥርስ ይግዛ።

የኋላው ጎማ ታሪክ ለየት ይላል። ጥርሱን የምለካው በክብሪት እንጨት ነው፤ መሃል ላይ አቆመዋለሁ፣ በእስክሪብቶ ምልክት አደርግና በማስመሪያ እለካለሁ። አዲስ ሆኖ 11 ሚሊ ሜትር ነበር። መስከረም ላይ 6 ሆነ። ኅዳር መጀመሪያ፣ በ5,300 ኪሎ ሜትር፣ መሃሉ 3 ሚሊ ሜትር ቀረው። ጎኖቹ ገና አዲስ ናቸው፤ መሃሉ ግን ሜዳ ሆነ። ሞተሩ የሚገፋው በኋላው ጎማ ነው፤ ጭነቱም እዚያ ላይ ነው፤ አስፋልቱ በላው። የፊቱ በዚያው ቀን ከ9 ሚሊ ሜትር ወደ 7 ነበር የወረደው።

እዚህ ጋ ሐሳቤን ቀየርኩ። ክረምት አልፏል። ለምን ከኋላ ድጋሚ ያንኑ እገዛለሁ? መካከለኛ ጥርስ ያለው ወሰድኩ፤ ጥርሶቹ የሚቀራረቡ፣ መሃሉ ላይ ሳይቋረጥ የሚሄድ ዓይነት። የፊቱን አልነካሁም። ሁለቱ ለየቅል ሲሆኑ ሰዎች አይተው ይጠይቁኛል። እኔ ግን በእነዚህ አራት ወራት ከዚህ የተሻለ አልነዳሁም። ድምፁ በግማሽ ቀነሰ። ፍሬን ስይዝ የኋላው አይንሸራተትም። በ4,100 ኪሎ ሜትር ከ8 ሚሊ ሜትር ወደ 6 ነው የወረደው፤ ከቀድሞው ጋር አይወዳደርም።

ከጥምቀት በኋላ ለጓደኛዬ ሠርግ ደባርቅ ሄድኩ። 100 ኪሎ ሜትር አስፋልት ነው፤ በዳባት በኩል ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። በማግስቱ ሙሽራው ዘመዶቹን ሊያስጎበኝ ሲወጣ ተከትዬ ስሜን ተራሮች ውስጥ ወዳለው ሳንቃበር ወጣሁ። ያ መንገድ ጠጠር ነው፤ ጠርዙ የሚቆርጥ ድንጋይ አለበት። ጠመዝማዛው ላይ የፊቱ ጎማ ጠጠሩን ሰንጥቆ ይገባል፤ የኋላው ትንሽ ወደ ጎን እያለ ይከተላል። አላስፈራኝም። ስመለስ ራጂዎቹን፣ የቸርኬውን ሽቦዎች ማለት ነው፣ አንድ በአንድ በመፍቻ መታ መታ አድርጌ አየሁ፤ ሁለቱ ላልተው ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተበሳብኝ፤ ታኅሣሥ ላይ፣ ከጯሂት ወዲህ፣ የኋላው። የግራር እሾህ ነው። በጥርሶቹ መካከል ባለው ስስ ቦታ ነው የገባው። ካላማዳሪያውን ከማስገባቴ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ጠረግኩ፤ የእሾሁ ጫፍ ጨርቁን ያዘው። ያንን ሳላወጣ ብገጥመው ኖሮ አዲሱንም ይበሳው ነበር። ማዶውን በጉልበቴ ወደ መሃል ገፋሁ፣ በመጠጥ ውሃዬ ጠርዙን አራስኩ። በአርባ ደቂቃ መንገዴን ቀጠልኩ። አይስ ቦክሱ ውስጥ ያለው በረዶ አልቀለጠም ነበር።

አሁን የፊቱ 5 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል። ጥርሶቹ በአንድ በኩል እየተበሉ ጠርዝ አውጥተዋል፤ ንዝረቱም ከበፊቱ በርትቷል። በበጋው ይሄዳል፤ ለሚመጣው ዋልካ ግን አላምነውም። ግንቦት ላይ ያንኑ የጥርስ ዓይነት፣ 2.75-21፣ እደግመዋለሁ። የኋላው መካከለኛ እስከ መስከረም ይቆይ፤ ክረምቱን ይዞኝ ካለፈ ከዚያ በኋላ ሌላ ዓይነት አልፈልግም። ለአክስቴ ልጅ ትናንት ጽፌለታለሁ፤ ፎቶ ሲያነሳ አራቱ አሃዞች እንዲታዩ አድርጎ ያንሳ ብዬ።