«የፋብሪካ ቀለም ነው» ተብዬ የገዛሁት ጣሪያ

የድሮ ማርቸዲስ ስፖርት የምትወዱ፣ በተለይ ጀርመን ሆናችሁ ዕቃ የምታፈላልጉ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔን 2,600 ዩሮ አስከፍላኛለች።

መኪናዬ 230 ኤስኤል ናት። ያቺ ጣሪያዋ መሃሉ ጎድጎድ፣ ዳርና ዳሩ ከፍ ያለው፤ በዚሁ ጣሪያ የተነሳ «ፓጎዳ» የሚሏት። እ.ኤ.አ. በ1963 ጄኔቫ ላይ ታየች። ከ250 እና ከ280 እህቶቿ ጋር እስከ 1971 ድረስ 48,912 ተመርተዋል። የኔዋን ስገዛት የሸራ ጣሪያ ብቻ ነበራት። የጀርመን ብርድ ደግሞ በሸራ አይቻልም። የብረቱን፣ ሃርድቶፑን ፍለጋ ገባሁ።

አንድ ሻጭ ተገኘ። ጣሪያው ብርማ ነው፣ እንደ መስታወት ያበራል። «ከሲንደልፊንገን፣ ከማርቸዲስ ፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ ቀለሙ አልተነካም» አለኝ። የኔም መኪና ብርማ ናት። በቃ፣ ልቤ ቀለጠ። መሽቶ ነበር፣ የሰውየው ጋራዥም ጨለም ያለ። ለሁለት ተሸክመን ጫንነው።

ቤት ስደርስ አልገጥም አለኝ። የፊቱን መቆለፊያ ብዘጋው በግራ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ።

ለምን መሰላችሁ? ይሄ ጣሪያ ከአንዱ መኪና ተነቅሎ ሌላው ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ፋብሪካው ገና ባዶ ብረት ሳለ በራሱ መኪና ላይ እየለካ ያስማማው ነበር። ከዚያ የቦዲው ቁጥር ይመታበታል፣ ከሌላው ጋር እንዳይቀያየር። ቀለሙ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። መስታወቱ፣ ጎሚኒው፣ ክሮሙና የውስጥ ልባሱ የሚገቡት ደግሞ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው።

ይቺን ቅደም ተከተል ባውቅ ኖሮ አልታለልም ነበር። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ለባትላሜራ ብርጭቆ ወረቀት ሳቀብል ያደግኩ ሰው ነኝ፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

በማግስቱ በቀን ብርሃን የኋላውን መስታወት ጎሚኒ በፕላስቲክ ካርድ ቀስ ብዬ ገለጥ አደረግኩት። ብርማው ቀለም ጎሚኒው ጫፍ ላይ ደርሶ ቆሟል፣ በጥፍር የሚነካ ጠርዝ ሠርቶ። ከሥሩ ቀይ ነው! የፋብሪካ ቢሆን ያው አንዱ ቀለም ጎሚኒው ሥር ይቀጥል ነበር። የውስጥ ልባሱ ዳር ላይም የብርማ ቀለም ብናኝ አለ። ልባሱ ሳይወልቅ ነው የተረጨው ማለት ነው።

ማግኔት አመጣሁ። የዚህች መኪና ኮፋኖና በሮች አሉሚኒየም ናቸው፣ ጣሪያው ግን ብረት ስለሆነ መያዝ አለበት። የቀኝ የኋላ ማዕዘኑ ላይ ማግኔቱ ተንሸራቶ ወደቀ። ስቱኮ ነው፣ ያውም በወፍራሙ።

የተመታውን ቁጥር ሳየው እርግጥ የኔ መኪና አይደለም። እሱን እንኳ ስገዛ አውቀው ነበር። ለብቻው የሚሸጥ ጣሪያ ከሌላ መኪና የመጣ ነው፣ ይሄ ነውር የለውም፣ ዋጋው ግን በዚያው ልክ ይሁን። እኔ የከፈልኩት «ያልተነካ» ለሚለው ቃል ነው።

ስለዚህ በቀን ሂዱ። ጎሚኒውን ሳትገልጡ አትክፈሉ። ሻጩ «ይቀደዳል፣ አትንካው» ካለ ተመለሱ። ጣሪያው ከነመኪናው የሚሸጥ ከሆነ የመኪናውን ዳታ ካርድ፣ ፋብሪካው መኪናዋ እንዴት እንደተሠራች የመዘገበበትን ወረቀት፣ ጠይቁ። የቀለሙ ኮድ እዚያ ላይ አለ።

ሻጩን ደወልኩለት። «እኔም እንደዚያው ብለው ነው የሸጡልኝ» አለና ዘጋው። ከዚያ ወዲህ አያነሳም። ጣሪያው ጋራዤ ውስጥ ብርድ ልብስ ላይ ተኝቷል። ጣሪያዋ የጠፋባት ቀይ ፓጎዳ ያለው ሰው የምታውቁ ከሆነ የቦዲ ቁጥሯን ላኩልኝ፣ ላመሳክረው።