«እዚያስ አልልክሽም» ላሉኝ እናት

ከተመለስኩ ጀምሮ ይህን ምስጋና ሳልጽፍ መቆየቴ ሲከነክነኝ ነበር። «ውጭ አገር ሄጄ በበጎ ፈቃድ ማገልገል እፈልጋለሁ፣ ግን ማንን ልመን?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ እኔን የላኩኝን ሴት። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አላሰፍርም፤ በአደባባይ መነሳትን አይወዱም። ከልቡ የቆረጠ ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኘዋለሁ።

ድርጅት እንበለው እንጂ ሥራው በሙሉ በሳቸው ትከሻ ላይ ነው። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። አንድ ስልክና ብዙ ዓመት ያገለገለ ወፍራም ደብተር አላቸው፤ ሰው በሚልኩበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ጠንቅቀው የሚያውቁት አንድ የአገሬው ሰው አለ። በዓመት ጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚልኩት። ለምን አይጨምሩም ብላቸው «ሌሊት ስልክ ቢደወልልኝ በስሙ ልጠራው የማልችለውን ሰው አልልክም» አሉኝ።

መጀመሪያ ስደውልላቸው ያሰብኩት ሌላ ነበር። የሦስት ወር ፈቃድ አግኝቼ በሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ላገለግል ፈልጌያለሁ። ከሳቸው በፊት ያነጋገርኩት ሌላ አገናኝ በአንድ ቀን ተቀብሎኝ ነበር፤ ስለ ሙያዬም ሆነ ከወንጀል ነፃ ስለመሆኔ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቀኝ የክፍያ ቅጽ ላከልኝ። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «ልጄ፣ እዚያስ አልልክሽም» አሉ።

ተቀየምኩ። ስልኩን ልዘጋ ስል «ቆይ፣ ምክንያቱን ስሚና ከዚያ ትዘጊያለሽ» ብለው አስረዱኝ። በዓለም ላይ በማሳደጊያ ከሚኖሩት ሕፃናት አብዛኞቹ ወላጅ አልባ አይደሉም። ሴቭ ዘ ችልድረን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሪፖርት ከአምስቱ ቢያንስ አራቱ አንድ ወይም ሁለቱም ወላጆቻቸው በሕይወት እንዳሉ ጽፏል። ወደ ማሳደጊያ የሚያስገባቸው በአመዛኙ ድህነት ነው። የጎብኚና የበጎ ፈቃደኛ ገንዘብ በሚጎርፍበት ቦታ ደግሞ ማሳደጊያው ራሱ ገበያ ይሆናል፤ ትምህርት እናስተምርላችኋለን እያሉ ልጆችን ከገጠር ቤተሰብ የሚሰበስቡ ደላሎች ይፈጠራሉ። በኔፓልና በካምቦዲያ ይህ ታይቷል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳለፈው የሕፃናት መብት ውሳኔ በማሳደጊያዎች የሚደረግ በጎ ፈቃደኝነትና ጉብኝት ልጆችን ለሕገወጥ የሰዎች ዝውውር ሊያጋልጥ እንደሚችል አንስቷል። ይህን ሁሉ ከነገሩኝ በኋላ የጨመሩት ነገር ግን ከቁጥሩ ይልቅ ውስጤ ገባ፦ «አንቺ ስትሄጂ የሚያለቅሰው ልጅ፣ ካንቺ በፊት ለመጣችውም አልቅሷል።»

ከዚያ «ለመሆኑ ሙያሽ ምንድን ነው?» አሉኝ። ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ መምህርት ነኝ። «እንግዲያውስ ከልጆቹ ጋር ሳይሆን ከመምህሮቻቸው ጋር ትሠሪያለሽ» ብለው ነገሩን ቆረጡት።

ዝግጅቱ አራት ወር ፈጀ። የምከፍለውን ገንዘብ በአንድ ገጽ ዘርዝረው ላኩልኝ፦ ለማርፍበት ቤተሰብ ይህን ያህል፣ እዚያ ላለው አስተባባሪ ደመወዝ ይህን ያህል፣ ለቋንቋ ትምህርት ይህን ያህል፣ ለራሳቸው ድካም ይህን ያህል። የራሳቸውን ድርሻ ሳይደብቁ መጻፋቸውን ሳይ ያኔውኑ አመንኳቸው። ከወንጀል ነፃ የምስክር ወረቀት አስመጡኝ። ቪዛውን በተመለከተም በብዙ አገር የጎብኚ ቪዛ ይዞ በነፃ እንኳ ማገልገል ሕግ መጣስ መሆኑን፣ ቢታወቅ የምባረረው እኔ ብቻ ሳልሆን የተቀበለኝ ትምህርት ቤትም እንደሚጠየቅ ነግረውኝ ትክክለኛው ፈቃድ እስኪወጣ አስጠበቁኝ። የቢጫ ወባ ክትባቴንም ቀደም አድርጌ እንድወጋ አሳሰቡኝ፤ ካርዱ የሚጸናው ከተወጉ 10 ቀን ካለፈ በኋላ ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚሯሯጥ ሰው ከአውሮፕላን ማረፊያ ሊመለስ ይችላል።

አንዱን ግን ተከራክሬያቸው ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስቀድመሽ ተወጊ ሲሉኝ ትርፍ ወጪ መሰለኝ። እሳቸው ግን በፍጹም አልተበገሩም፤ ሁለቱንም መርፌ መወጋቴን የሚያሳየውን ካርድ ፎቶ አንስቼ ካልላክሁ ትኬት እንዳልቆርጥ አዘዙኝ።

በስድስተኛው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ ከአንድ ግቢ የወጣ ውሻ ባቴን ነከሰኝ። የማየው ደሜን ብቻ ነው፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩላቸው። ሁለት ጊዜ ሳይጠራ አነሱት። ድምፃቸው ምንም አልተለወጠም፦ «ውሃ አለ? ሳሙናስ? በይ ሰዓትሽን እይ። 15 ደቂቃ ሙሉ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ታጥቢዋለሽ፤ እኔ እዚሁ ነኝ።» አሥራ አምስቱን ደቂቃ በሙሉ ስልኩን አልዘጉም። ያረፍኩበት ቤት እመቤት በጆግ ታፈስልኛለች፣ እኔ ሳሙናውን እፈትጋለሁ፣ እሳቸው በስልክ ደቂቃውን ይቆጥሩልኛል። አጥበን ሳንጨርስ አስተባባሪው መኪና ይዞ ደጅ ቆሟል። የት ሆስፒታል ክትባቱ እንደሚገኝ ደብተራቸው ላይ ስለነበረ በየከተማው አልተንከራተትንም።

ሐኪሙ ካርዴን ሲያይ ፊቱ ፈታ አለ። ቀድሞ ያልተከተበ ሰው በእንዲህ ያለ ንክሻ ከክትባቱ ሌላ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ እሱ ደግሞ በብዙ ቦታ የለም። ለኔ ግን የሁለት ቀን መርፌ ብቻ በቃኝ፤ አንዱ ያን ዕለት፣ ሌላው ከሦስት ቀን በኋላ። ይህ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ የሚድን ሰው ከስንት አንድ ነው። ያን ምሽት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ስለ ትርፍ ወጪ የተከራከርኳቸውን ሳስብ እንባዬ መጣ።

ስለ ሥራውም ልንገራችሁ። ከአንድ የሦስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህር ጋር ነበር የምውለው። ጠዋት ጠዋት አብረን ትምህርቱን እናዘጋጃለን፤ የብስኩት ካርቶን እየቀደድን የቃል ካርዶች እንሠራለን፤ እሱ ያስተምራል፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ እጽፋለሁ፣ ከሰዓት እንነጋገራለን። መጀመሪያ ላይ ልጆቹን በቡድን ማናገር ረብሻ ይመስለው ነበር። በሁለተኛው ወር ግን አንድ ቀን ሳላስበው ክፍሉን አራት ቦታ ከፍሎ ሲያስጫውታቸው ደረስኩ። አንዷ ትንሽ ልጅ ካርዱን ከፍ አድርጋ ይዛ ጓደኞቿን ስትጠይቅ፣ እሱ መስኮቱን ተደግፎ ዝም ብሎ ይሰማታል። ለኔ የሦስቱ ወር ዋጋ እሱ ነው።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ምንም እንዳልሠራ፣ ዝም ብዬ እንድቀመጥ ያዘዙኝም እሳቸው ናቸው፤ እኔ ሳልኖር ክፍሉ እንዴት እንደሚሄድ መምህሩ እንዲያየው። ሦስት ወር ልጨምር ብዬ ስለምናቸውም ለሁለተኛ ጊዜ እንቢ አሉ። አንቺ በነፃ ከቆየሽ ትምህርት ቤቱ ረዳት መምህር መቅጠሩን ይተወዋል አሉኝ። ከወር በኋላ ከመንደሩ አንዲት ወጣት በዚያ ቦታ ተቀጠረች።

ሁሉም ሰው ይመቹታል አልልም። ለመልእክት ቶሎ አይመልሱም፣ መደወል ይሻላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ልሂድ ለሚል ሰው አይሆኑም። የልጆች ፎቶ ላለመለጠፍ ያስፈርማሉ፤ አገሩንና መንደሩን ሳልጠራ የጻፍኩትም በዚሁ ቃል ታስሬ ነው። ትልልቆቹን፣ የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞችን ወይም እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ያለውን ቪኤስኦ የተባለውን የእንግሊዝ የበጎ ፈቃድ ድርጅት የመሳሰሉትን መሞከር የምትችሉ ሞክሩ፤ ልምድ ላለውና ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ለሚችል ባለሙያ ጥሩ መንገድ ናቸው። የጥቂት ወር ፈቃድ ብቻ ላለው ግን እንደሳቸው የሚጠነቀቅ ሰው እኔ አላየሁም።

ስትደውሉላቸው መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ምን መሥራት እንደምትችሉ ነው፤ ቀጥለው ለምን ያህል ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ ብትታመሙ ማን እንደሚጠራ። መልሱን ይዛችሁ ደውሉ። እንቢ ካሏችሁም ስልኩን አትዝጉ፣ ምክንያታቸውን እስከ መጨረሻው ስሟቸው።

እማማ፣ ይህን ሲያነቡልዎት «ምን አስጻፈሽ» ብለው እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ጠባሳው ደህና ነው፣ ደርቋል። መምህሩም ሰላም ብሎዎታል፤ ካርዶቹ አርጅተውበት አዲስ እየሠራ ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።