የዲቲ 125 ካርቡራተር፦ ኦርጅናሉን ማስጠገን ወይስ ፎርጅድ መግዛት?

በዚህ ክረምት ብቻ አምስት ጓደኞቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ጠዋት ጠዋት እግሬ እስኪዝል ብረግጣት አልነሳ አለችኝ፤ አዲስ ካርቡራተር ልግዛላት?» አትግዙ። ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል የያዘ ሰው ገንዘቡን አብሯት የመጣው ባለ 24 ሚሊ ሜትሩ ኦርጅናል ሚኩኒ ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ላይ ቢያወጣ ይሻለዋል። ይህን የተማርኩት 5,000 ብር አውጥቼ ነው።

አምና የእኔዋ ስታስቸግረኝ 3,200 ብር ከፍዬ አዲስ ፎርጅድ ገዛሁ። ለማስገጠም 400 ብር። ሁለት ሳምንት በደንብ ሠራች። ከዚያ በዘጌ መንገድ ላይ እየታፈነች ትጠፋብኝ ጀመር። ካንዴላዋን ስፈታው ጥቁርና እርጥብ ነው። በሦስት ወር ውስጥ አራት ካንዴላ ቀየርኩ፤ አንዱ 350 ብር፣ በድምሩ 1,400። ያለ አግባብ የተቃጠለውን ቤንዚን አልቆጠርኩም።

ካርቡራተሩን ፈትቼ ሳየው የቾኩ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ለማስነሳት ቤንዚን የሚጨምረው) ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው ጎማ ቀዳዳዋን አትደፍንም። ቾኩን ብዘጋውም ቤንዚን ሁልጊዜ ይገባል ማለት ነው። በዚያ ላይ ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ለቆላ የተመጠነ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባት ትንሽ ባለ ቀዳዳ ቪቲ) እዚህ ቤንዚን ያበዛል። ደብረ ታቦር ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። አነስ ያለ ጄት ልቀይር ብል የኦርጅናሉ ጥርስ ከፎርጅዱ ጋር አልገጥም አለ።

በመጨረሻ መደርደሪያ ላይ የጣልኩትን ሚኩኒ አወረድኩት። ጓርኒሲዮኑ (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ)፣ ቤንዚን የምትዘጋው መርፌና መቀመጫዋ ያሉበት መጠገኛ 950 ብር፣ የእጅ 600፣ በድምሩ 1,550 ብር። እስከ ዛሬ በሁለተኛው እርግጫ ትነሳለች። ጄቱን በሽቦ አትጎርጉሩት፤ ነሐስ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል። ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር አስነፉት። የአየር ቪቲዋን ሳታጠብቁ እስክትነካ አስገቡና አንድ ዙር ተኩል መልሷት፤ የቀረውን ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ታስተካክላላችሁ። መጠገኛውም ፎርጅድ አለው፤ ጓርኒሲዮኑ ቤንዚን ሲነካው ካበጠ አትጠቀሙበት።

ደግሞ ምንም ሳትገዙ የሚፈታ ችግር ብዙ ነው። የዚህ ካርቡራተር ቾክ የሚሠራው ነዳጅ መስጫው ሲዘጋ ብቻ ነው። ከጓደኞቼ ሁለቱ እየጠመዘዙ ይረግጡ ነበር፤ እጃቸውን ሲያነሱ ተነሳች። ብዙ ረግጣችሁ ካንዴላው ደረቅ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰም፤ የታንከሩን መክፈቻ ወንፊት እዩ። እርጥብ ከሆነ ወይ እሳቱ ደካማ ነው፣ ወይ ቤንዚኑ በዝቷል። በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ከሆነ የካርቡራተሩን ሥር ፈትታችሁ በብርጭቆ ተቀበሉት፤ ውሃ ካለው ከታች ይዘቅጣል። ካርቡራተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘው ጎማ ከተሰነጠቀም አየር ስቦ አያስነሳም፤ ብዙ ሰው ካርቡራተሩን የሚወቅሰው ጥፋቱ የዚህ ጎማ ሆኖ ሳለ ነው።

ሦስተኛው ምርጫ ከተፈታታ ሞተር የወጣ ያገለገለ ኦርጅናል ነው። እኔን 8,500 ብር ጠይቀውኛል። የእናንተው አካሉ ከተሰነጠቀ ወይም ከገመዱ ጋር የሚሳበው ስላይድ ከተበላ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ከመክፈላችሁ በፊት ስላይዱን በጣታችሁ ወዝውዙት፤ ከተንገጫገጨ ተበልቷል። ከዚያ ካርቡራተሩን ገልብጣችሁ በቤንዚን መግቢያው በአፋችሁ ንፉ። ትንፋሻችሁ ካለፈ መርፌዋ አትዘጋም፤ የመጠገኛውን 950 ብር ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።